ሄሊኮፕተር፣ ጨውና ነፋስ፦ ከምዕራብ ዴንማርክ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26 - ኦርሁስ

የአክስቴ ልጅ ኦርሁስ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን ብቅ በል እንጂ» ሲለኝ ዓመታት አለፉ። ዘንድሮ ተሳካ። እውነቱን ለመናገር የጎተተኝ ናፍቆት ብቻ አይደለም። ሥራዬ የከርሰ ምድር ውሃ ፍለጋ ነው። ለእኛ ሙያ ሰዎች ደግሞ ኦርሁስ መሳለሚያ ናት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዴንማርክ የምትጠጣው ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 (ዓመት የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጅ ነው) የአገሪቱን 40 በመቶ ገደማ ከስር ምን እንዳለው በካርታ አስነሣ። ገንዘቡ የመጣው ከውሃ ሂሳብ ላይ ከምትቆረጥ ትንሽ ክፍያ ነው። ይህን ሁሉ መሬት በእግር እየዞሩ መለካት አይታሰብም። ስለዚህ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስካይቴም የሚባል መሣሪያ ሠሩ። ትልቅ የሽቦ ፍሬም ከሄሊኮፕተር ስር ይንጠለጠላል። ሄሊኮፕተሩ ዝቅ ብሎ ይበራል። ፍሬሙ ከርሰ ምድርን ያያል።

እኔን የሳበኝ ግን መሬቱ አይደለም፤ ውሃው ላይ ሲበር ነው። ባሕሩ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ፣ ከውሃው ስር ያለውን መሬት በአየር ላይ ሆኖ ማየት። ባሕር የሌለው አገር ሰው ይህ ምን ይፈይድለታል ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ደግሞ ጨዋማ ሐይቅና ጨዋማ ጉድጓድ አያጣንም።

ጠዋት አንዲት የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ በራሷ መኪና ከከተማ ወጣ ወዳለ ሊንግቢ ወደሚባል ሰፈር ወሰደችን። «ያየሽውን ሁሉ አሳዪኝ» ብያት ስለነበር ትልቅ ነገር ጠብቄያለሁ። ያገኘሁት የገብስ ማሳ ነው። አጥር የለው፣ ምልክት የለው። ነገሩ ግን ከባድ ነው። የዚህ ማሳ ከርሰ ምድር በደንብ ይታወቃል። ማንኛውም አዲስ መሣሪያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚህ ይመጣና ይለካል። መልሱ ከታወቀው ካልገጠመ ይታረማል። በፈረንጅ አገር ሚዛን እንደሚመረመር፣ እነሱ ሄሊኮፕተር ይመረምራሉ።

ማሳው ዳር ቆመን የአሠራሩን ነገር አወራን። ፍሬሙ ዙሪያ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ብርቱ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል። ከዚያ በድንገት ይቋረጣል። መግነጢሳዊ ኃይሉ ድፍት ሲል መሬት ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይቀሰቅሳል። ያ ጅረት እንደ ጭስ ቀለበት እየሰፋ ወደ ታች ይወርዳል። እየወረደ ይደክማል። ፍሬሙ ላይ ያለ ሌላ ጥቅል ሽቦ ድካሙን ያዳምጣል፤ ከጥቂት ሚሊዮነኛ ሰከንድ እስከ ጥቂት ሺኛ ሰከንድ ድረስ። ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ደረቅ አሸዋና አለት ውስጥ ቶሎ ይጠፋል። በሸክላ አፈር ውስጥ ይቆያል። በጨው ውሃ ውስጥ ደግሞ አልሄድ ይላል፤ እዚያው ይንከረፈፋል።

እዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። እኛ አገር ቤት የምንሠራበት ዘዴ ቪኢኤስ ነው፤ ኤሌክትሪክ በብረት ወደ መሬት ልኮ መለካት። ብረት በመዶሻ መሬት ውስጥ እንተክላለን፣ ገመድ በገበሬው ማሳ ላይ እንዘረጋለን። በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ኤሌክትሪኩ አልገባ ይላል። ያኔ ረዳታችን ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨው በጥብጦ ብረቱ ስር ያፈስሳል። ወዲያው ንባቡ ይስተካከላል። ይህን ስነግራት «እናንተ ባልዲ ነው የምትጨምሩት፣ እኛ ሙሉ ባሕር ተጨምሮብን ነው የምንጀምረው» አለች። ጨው ለእኛ መድኃኒት፣ ለእነሱ ጣጣ።

ማታ የአክስቴ ልጅ ሚስት እንጀራ ጋግራ ጠበቀችን። የጤፍ ዱቄት ኪሎው 60 ክሮነር ገደማ ነው አሉኝ። ወደ ብር ልመነዝር ስል «ተዉት ጋሼ፣ ይብሉ ዝም ብለው» አለችኝ። ምክሯ ለጉዞው ሁሉ ጠቀመኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27 - ወደ ሪንግኮቢንግ

ባቡሩ ከኦርሁስ ወደ ምዕራብ ዩላንድ፣ ማለትም ወደ ዴንማርክ ባሕረ ገብ መሬት ምዕራባዊ ዳር፣ ይሄዳል። ትኬቱ ከ200 ክሮነር በላይ። መሬቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ተራራ የለመደ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። የነፋስ ማማዎች ብቻ ናቸው ከፍ ያሉት።

ስኪየርን ላይ ባቡር መቀየር ነበረብኝ። የመጣሁበት ዘገየና ተከታዩ ጥሎኝ ሄደ። ጣቢያው ላይ ሰው የለም፣ የቡና መሸጫው ዝግ ነው። ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ደግነቱ የስኪየርን ወንዝን ታሪክ የሚያወራኝ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። ወንዙ በዴንማርክ በውሃ መጠኑ ትልቁ ነው። በ1960ዎቹ ረግረጉን ለእርሻ ለማድረቅ ብለው ቀጥ አደረጉት። መዘዙ ብዙ ሆነ። ደለሉም ማዳበሪያውም ሳይጣራ ወደ ፊዮርዱ መፍሰስ ጀመረ። በ2000 አካባቢ ደግሞ መልሰው ብዙ ገንዘብ አውጥተው አጣመሙት። «አባቴ ሲያቀኑት ሠርቷል፣ ልጄ ሲያጣምሙት ሠርቷል» አሉኝ። ደሞዝ በሁለቱም በኩል ነበር ማለት ነው።

ይህ ወንዝ የሚገባው ወደ ሪንግኮቢንግ ፊዮርድ ነው። ስሙ ፊዮርድ ይባል እንጂ የኖርዌይን ገደል አታስቡ። ዝርግ የባሕር ዳር ሐይቅ ነው። ስፋቱ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ በአማካይ ሁለት ሜትር አይሞላም። ከሰሜን ባሕር የሚለየው ሆልምስላንድ ክሊት የሚባል ቀጭን የአሸዋ ክምር ነው። የኛን ዝዋይ ያየ ሰው ጥልቀቱ አይገርመውም። የሚገርመው ጨዉ ነው፤ እሱን ዓርብ ቀን እነግራችኋለሁ።

ያረፍኩት ጡረታ ከወጡ ባልና ሚስት ቤት ነው። ክፍሉ ከነቁርሱ 500 ክሮነር። ባልየው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ሚስትየዋ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጡኝ። የታሸገ ውሃ መስሎኝ ነበር። ከቧንቧ ነው። ክሎሪን የለው፣ ሽታ የለው። አየር ያገኛል፣ በአሸዋ ይጣራል፣ ይጠጣል፤ በቃ። የውሃ ሙያተኛ ነኝና ቀናሁ።

ከምሽቱ አራት ሰዓት ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ጨለማ እየጠበቅኩ እራቴን አሳለፍኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28 - ሪንግኮቢንግ

ዛሬ ሱቅ ዝግ ነው። ዕለቱ በፈረንጅ ጁን 5፣ የሕገ መንግሥት ቀን ነው፤ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የተፈረመው በ1849 በዚህ ቀን ነው። ትልልቆቹ ሱቆች በሕግ ይዘጋሉ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሞባይሌ ላይ የሚሰካ ቻርጀር ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፤ ባንዲራ ብቻ ነው ያየሁት። በመጨረሻ ወደብ ዳር አንድ ቋሊማ የሚሸጥ ጋሪ አገኘሁ። ሆትዶግ 42 ክሮነር። ላዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ጥሬ ሽንኩርት፣ ኪያር በኮምጣጤ። ሁለተኛ ልገዛ ስል ዋጋው ትዝ አለኝና ተውኩት።

እዚያው ወደብ ዳር ባለቤትየው፣ ማለትም ዓሣ አጥማጁ፣ አገኙኝና ፊዮርዱን አሳዩኝ። ጀልባ ለማስገባት የተቆፈረ መስመር አለ። ከዚያ ከወጣህ መሬት ትነካለህ። በልጅነታቸው ጀልባዋን ትተው በእግራቸው እየገፉ ይወጡ እንደነበር ነገሩኝ።

ለምን ሄሊኮፕተር እንዳስፈለገ ከሳቸው ወሬ ይገባሃል። የባሕርን ግርጌ ለማየት የተለመደው መንገድ መርከብ ላይ ሆኖ በድምፅ ሞገድ መለካት ነው። እዚህ መርከብ አይገባም። ከአውሮፕላን በሌዘር ጥልቀት መለካትም አለ፤ ውሃው ከደፈረሰ ግን ብርሃኑ አያልፍም። ኤሌክትሮማግኔቲክ የሚባለው የፍሬሙ ዘዴ ስለ ድፍርስ ውሃ ግድ የለውም። እሱን የሚያሳስበው ጨዉ ብቻ ነው። በአውስትራሊያ በ1990ዎቹ መጨረሻ በሲድኒ ወደብ ላይ በሄሊኮፕተር የሞከሩት ሰዎችም ፍላጎታቸው ይኸው ነበር፤ የውሃው ጥልቀት ስንት ነው፣ ከግርጌው በላይ ያለው ደለል ምን ያህል ይወፍራል፣ አለቱ የት ይጀምራል። ጠያቂዎቹ የመከላከያ ሳይንቲስቶች ነበሩ። የዴንማርኮቹ ጥያቄ ሌላ ነው። ጣፋጩ፣ ማለትም ጨው የሌለበት ውሃ፣ ባሕሩ ስር የት ድረስ ይሄዳል? ጨዋማው ደግሞ የት ድረስ ወደ መሬት ይገባል?

ስታውኒንግ ከምትባለው መንደር አጠገብ ባለው ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አንድ የበረራ ቡድን እንዳለ ኦርሁስ ነግረውኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። «ዛሬ አንበርም፣ ነፋስ» አሉኝ። ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ደጋግሜ ሰማሁት። የምዕራብ ዩላንድ ነፋስ የሚያቆም አይደለም። ዛፎቹ ሁሉ ወደ ምሥራቅ አጎንብሰው ነው ያደጉት።

ለማንኛውም ሄድኩ። ማረፊያው አጠገብ የዴንማርክ የበረራ ሙዚየም አለ። መግቢያው ከ100 ክሮነር በላይ ነው። የበረራ ቡድኑ አባላት እዚያ ካፌ ውስጥ ካርታ ይጫወታሉ። ፓይለቱ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ «የዚህ ሥራ ግማሹ መጠበቅ ነው» አለኝ። ክፍያው የቀን ሂሳብ ስለሆነ የሚናደደው ከፋዩ ነው እንጂ እሱ አይመስልም።

ዓርብ፣ ግንቦት 29 - ስታውኒንግ እና ቪደ ሳንደ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ነፋሱ በርዷል። ባለቤትየው በፒጃማቸው ላይ ጃኬት ደርበው በመኪናቸው አደረሱኝ። ለነዳጅ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ።

ፍሬሙን ያየሁት ያኔ ነው። ሳሩ ላይ ተዘርግቷል። አንድ ትልቅ ሳሎን ቤት ከነግቢው የሚያህል ብዙ ማዕዘን ያለው ቅርጽ። ቱቦዎቹ ብረት አይደሉም። ብረት ቢሆኑ ፍሬሙ መሬቱን ሳይሆን ራሱን ያዳምጣል። ሽቦው በቱቦዎቹ ዙሪያ ተዙሯል፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ተይዟል። በጭራው በኩል ከፍ ብሎ የተሰቀለው ትንሹ ጥቅል ሽቦ ሰሚው ነው። ከፍ ያደረጉት ላኪው ሽቦ እንዳያደነቁረው ነው። ግራና ቀኝ ከፍታ የሚለኩ ሌዘሮች አሉ። ዘንበል ማለቱን የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። ጂፒኤስ አለ። ቴክኒሻኑ ተንበርክኮ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየቆረቆረ ጆሮውን ያስጠጋል። ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቅ አለ ማለት ነው። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆም አለ፣ ደግሞ ቆረቆረ፣ በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው። ይህን ያህል ሚሊዮን የፈሰሰበት ነገር በፕላስተር መጠገኑ ልቤን አሞቀው። የትም አገር ሜዳ ሥራ ሜዳ ሥራ ነው።

ሄሊኮፕተሩ ተነሣ። ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ፍሬሙ ከሳሩ ላይ ብድግ አለ። መጀመሪያ ወደ ላይ፣ በጣም ወደ ላይ ወጣ። ከመሬት ሲርቅ የመሬቱ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው የመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ነው። እሱን መዝግበው ኋላ ይቀንሱታል። ከዚያ ወረደና ፍሬሙን ከውሃው በላይ 30 ሜትር ያህል ላይ ይዞ ወደ ፊዮርዱ ሄደ።

መስመሮቹ ከመሬት ይጀምራሉ፣ ፊዮርዱን ያቋርጣሉ፣ የአሸዋውን ክምር ያልፋሉ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ባሕር ገብተው ይመለሳሉ። ወደ ደቡብ ወደ ቲፐርነ አይጠጉም። እዚያ ከ1928 ጀምሮ የተከለለ የወፍ መጠለያ አለ፤ አሁን ደግሞ የመፈልፈያ ጊዜ ነው። እኛ ብረት ተክለን በቀን ሦስት አራት ነጥብ ከለካን ጎበዝ ነን። እነሱ ቡና ሳይፈላ ያንን ያህል ኪሎ ሜትር ይጨርሳሉ። ቅናት ሁለተኛ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ምን ሆኑ? ውሃው በጣም ረጋ። እንዲህ ዓይነት ነገር ትጠብቃላችሁ? ትናንት ነፋስ በዛ፣ ዛሬ አነሰ። ውሃው እንደ መስተዋት ሲሆን የሌዘሩ ብርሃን በትክክል አይመለስም፤ ከፍታው ይዘላል። ከፍታው በአንድ ሜትር ከተሳሳተ ደግሞ የውሃው ጥልቀት ሂሳብ ይበላሻል። ሁለት ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ አንድ ሜትር ስህተት ቀልድ አይደለም። ቴክኒሻኑ ስክሪኑን አሳየኝ። ከፍታ የሚያሳየው መስመር መሬት ላይ ለስላሳ ነው። ውሃው ላይ ግን ጥርስ አውጥቷል። ትንሽ ሞገድ እስኪነሣ ቡና ጠጣን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ሸንተረር ሲል እንደገና ወጡ።

ያልጠበቅኩትን ነገር የሰማሁት ቡናው ላይ ነው። ባሕሩ ነው የሚያስቸግራችሁ ብዬ ነበር። ቴክኒሻኑ ራሱን ነቀነቀ። «መሬቱ ይብሳል» አለ። ዴንማርክ ብዙዎቹን የኤሌክትሪክ መስመሮች ቀብራለች። ለዓይን ጥሩ ነው። ፍሬሙ ግን የተቀበረውንም ገመድ ይሰማል። የእንስሳት አጥር፣ የነፋስ ማማ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ሁሉም ይጮህበታል። ከእያንዳንዱ ግራና ቀኝ መቶ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለ ዳታ ተቆርጦ ይጣላል። ፊዮርዱ ላይ ገመድ የለም። ዳታው ከዳር እስከ ዳር ንጹሕ ነው። ጨዉ ጥልቀት ይሰርቅሃል እንጂ አይዋሽህም።

ከሰዓት በአውቶቡስ ወደ ቪደ ሳንደ ሄድኩ። ከተማዋ የዓሣ ወደብ ናት። ከሩቅ በአፍንጫህ ታገኛታለህ። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ግን ገና በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ፆም የለም። የተጨሰ ዓሣ ቤት ገብቼ የዓሣ ጥብስ ከድንችና ቢጫ መሳይ መረቅ ጋር አዘዝኩ፤ 89 ክሮነር። ቀጥሎ የተጨሰ ሄሪንግ ጨመርኩ። አጥንቱ ብዙ ነው፣ ጨዉ ብዙ ነው፣ ጣዕሙ ግን ይቅር የሚያሰኝ ነው። አጠገቤ ያሉት ጀርመኖች ቢራ በቢራ ላይ ሲደርቡ ገባኝ፤ ውሃ ጥም ነው።

ከዓሣ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ላይ የውሃ በሩ አለ። ቃል የገባሁላችሁ የጨው ታሪክ እዚህ ነው። ድሮ የፊዮርዱ መውጫ ወደ ደቡብ እየሸሸ በአሸዋ እየተደፈነ ያስቸግር ነበር። በ1910 እዚህ ቪደ ሳንደ ላይ ቀጥታ ወደ ባሕር ቦይ ቆፈሩ። ባሕሩ ቦዩን ቦረቦረውና ከቁጥጥር ውጭ ሆነ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መልሰው ደፈኑት። በ1931 ይህ የውሃ በር ተሠራ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፊዮርዱን የውሃ ከፍታና የጨዉን መጠን የሚወስነው በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአከፋፈቱን ሥርዓት ቀይረው ጨው ጨመር አደረጉ። ቅርፊት ያላት የአሸዋ እንስሳ፣ ከግርጌው ደለል ውስጥ የምትኖረዋ፣ በድንገት በዛች። ውሃውን እያጣራች አጠራችው። በር ላይ ጥቂት ቢያንቀሳቅሱ የመላ ፊዮርዱ ኑሮ ተለወጠ።

ለሄሊኮፕተሩም ይህ በር ትልቅ ነገር ነው። የሰሜን ባሕር ውሃ ሪዚስቲቪቲው፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አላሳልፍ የማለት መጠኑ፣ ሩብ ኦም ሜትር ገደማ ነው። የፊዮርዱ በወንዝ ውሃ ስለሚቀጥን ብዙ ጊዜ የዚያን እጥፍ ያልፋል። ጣፋጭ ውሃ የያዘ አሸዋ ደግሞ በአሥርና በመቶ ይቆጠራል። ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ ካርታው ላይ መለየት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሸክላ ነው። ከባድ ሸክላ አፈር ያለ ምንም ጨው ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ዝቅተኛ ቁጥር ባየህ ቁጥር «ጨው ነው ወይስ ሸክላ?» ብለህ ትጠይቃለህ። መልሱን የሚሰጠው ጉድጓድ ብቻ ነው። በሙያዬ ሥራ አጥ እንደማልሆን እዚያ ድልድይ ላይ ቆሜ አረጋገጥኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 30 - ሊንግቪ

ነፋሱ ተመልሷል። ቡድኑ አይበርም። ብስክሌት በ120 ክሮነር ተከራይቼ በአሸዋው ክምር ላይ ወደ ሊንግቪ ነዳሁ። ስሄድ ነፋሱ ከጀርባዬ መስሎኝ ነበር፤ ከጎን ነው። ጆሮዬ፣ ኪሴ፣ የዳቦዬ መሃል ሳይቀር አሸዋ ገባ።

የሊንግቪ የመብራት ማማ የተሠራው በ1906 ነው፣ ቁመቱ 38 ሜትር። ደረጃውን ስወጣ ጉልበቴ ዕድሜዬን ነገረኝ። ከላይ ግን ነገሩ ሁሉ በአንድ ዓይን ይታያል። በምዕራብ ነጭ አረፋ የሚተፋ ባሕር። በምሥራቅ ዝም ያለ ፊዮርድ። መሃል ላይ የሣር ጣሪያ ያላቸው የበጋ ቤቶች የተደረደሩበት ቀጭን አሸዋ።

ይህ ቀጭን አሸዋ በሁለቱም ወገን በጨው ተከቦ ከስሩ ጣፋጭ ውሃ ይይዛል። የዝናቡ ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል። ከጨው ውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። የሙያው ሕግ እንዲህ ይላል፦ የከርሰ ምድር ውሃው ከባሕር ጠለል አንድ ሜትር ከፍ ካለ፣ ጣፋጩ ውሃ 40 ሜትር ያህል ወደ ታች ይዘልቃል። ብዙ ከቀዳህ ግን ያቺ አንድ ሜትር ትወርዳለች፣ ጨዉ ከስር 40 ሜትር ይነሣብሃል። ባሕር ዳር ያለ ሁሉ ይህን ሂሳብ ይፈራል። ብዙዎቻችን ያነበብነው መጽሐፍ ላይ ነው። እኔ አሁን ከላይ ቆሜ አየሁት።

ከማማው ስር ካፌ አለ። ቡናና አንድ ቁራሽ ኬክ 75 ክሮነር። ቡናው ቀጭን ነው። ስለ ዴንማርክ ቡና የምለው ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

ስመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ሆነ። ግማሹን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋሁ ነው የገባሁት። ሚስትየዋ አዩኝና የምስር ሾርባ አቀረቡልኝ። ሐበሻ ምስር ይወዳል የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ አንብበዋል። በርበሬ የለውም። ሁለት ሳህን በላሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 1 - ኦርሁስ

ዛሬ ጰራቅሊጦስ ነው፣ በእነሱም በእኛም። ባቡሩ ጭር ብሏል። የአክስቴ ልጅ ጣቢያ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ሲያነሣ አፍንጫውን ያዘ፤ የተጨሰ ዓሣ ይዤለት መጥቻለሁ።

ተመራማሪዋን በበዓል ቀን ላስቸግራት አልፈልግም ብዬ ነበር። ራሷ ደወለች። በስሟ ጥራኝ ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ዶክተር ማለት አልተውም። ቤቷ ሄድን። ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች።

መጀመሪያ ያሳየችኝ ድሮ የተሠራውን ነው። በሪንግኮቢንግ ፊዮርድ አካባቢ በስካይቴም የተደረገው ጥናት በ2011 ታትሟል። ሰማያዊው ጨው፣ ቀዩ ጣፋጭ ውሃ የያዘ አሸዋ ነው። የሚገርመው ድንበሩ የባሕር ዳርቻውን አይከተልም። ላይ ላዩ ውሃ የጀመረበት ቦታ ሌላ፣ ታች ጨው የጀመረበት ቦታ ሌላ። አንዳንድ ቦታ ጣፋጩ ውሃ ከሸክላው ስር ተደብቆ ከፊዮርዱ በታች ይዘልቃል። ሌላ ቦታ ጨዉ ወደ ታች ይወርዳል። ካርታ ላይ በሰማያዊ የምንሞላው ባሕር ከስሩ እንዲህ ዥንጉርጉር ነው።

ቀጥሎ የዓርቡን አንድ መስመር ከፈተች። ገና ጥሬ ነው። የመንገዱ ዳር፣ ገመድ ያለበት ቦታ ተቆርጦ ነጭ ሆኗል። ፊዮርዱ ላይ ሲደርስ መስመሩ ሳይቋረጥ ይሄዳል። ሥዕሉ ላይ አንድ ጥቁር መስመር አለ፤ ከዚያ በታች ቀለሙ ይደበዝዛል። መሣሪያው ከዚያ በታች ያለውን በቂ አልሰማም ማለት ነው። ጣፋጭ ውሃ ባለበት መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። ፊዮርዱ ላይ ከፍ ይላል። ሰሜን ባሕር ላይ ሲደርስ ደግሞ ጥቂት አሥር ሜትር ብቻ ይቀረዋል።

ከድብዝዙ ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ታየኝ። ከፊዮርዱ መሃል፣ ከጥቁሩ መስመር በታች። «ይሄ ጣፋጭ ውሃ አይደለም?» አልኳት።

«ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ለምን አደበዘዝሽው?»

«ሶፍትዌሩ ባዶ ቦታ አይወድም፣ የሆነ ነገር ይቀባል። ከመስመሩ በላይ ያለውን ጠይቀኝ፣ እመልስልሃለሁ። ከመስመሩ በታች ጉድጓድ የምትቆፍረው አንተ ነህ።»

የአክስቴ ልጅ በአማርኛ «ጋሼ፣ ሥራ ሰጠችህ» አለ። ስንት እንደሚከፍሉ ጠይቅልኝ አልኩት።